አምሐ የመረጠው ማይክራፎን

አጸደ ባሏን የምትወደው ከነግትርነቱ ነው። ያን ቀን መርካቶ፣ ደሜ ሬዲዮ ቤት ባንኮኒ ፊት ቆማ ግን፣ ሰውየውን ለራሷ አስቀርታ ግትርነቱን ለደሜ ብትሸጥለት ደስ ባላት ነበር።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የጥር ፀሐይ አናት የሚበሳበት ሰሞን ነው። አምሐ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ኮልፌ ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ ጎልማሳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ድምፁ ወፍራምና ግርማ ያለው ስለነበር፣ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር አጥሩ ሥር የሚቀመጡ ሥራ ፈቶች ሳይቀሩ የአባይን ገባሮች በቃላቸው ይዘዋል ይባላል። ጡረታ ሲወጣ ያንን ድምፅ ለዓይነ ስውራን ሰጠው። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ለሚማሩ ዓይነ ስውራን ወጣቶች የትምህርት መጻሕፍትን በካሴት ላይ ያነብላቸው ጀመር።

በዚያ ዓመት ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ተገኘበት። ከፋሲካ በኋላ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግለት፣ ድምፁም ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል ብሎ ለአጸደ አወራላት። አጸደ «ሊመለስ» የሚለውን አጥብቃ ያዘችና ሌላውን እንዳልሰማች አለፈችው። አምሐ የጀመረው መጽሐፍ ልጆቹ በሰኔ የሚፈተኑበት የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ነው፤ ሳይጨርሰው ሆስፒታል መተኛት አልፈለገም። በየቀኑ አውቶቡስ ተጋፍቶ ማሠልጠኛው ድረስ መሄዱን ደግሞ አቅሙ እምቢ አለው። እንግዲህ መቅጃ ክፍሉ እቤት ይሁን ተባለ። ለማድቤት ጣሪያ የተቀመጠችው ገንዘብ ወጣች፤ ማድቤቱም ለሌላ ክረምት እንዲያፈስ ተፈረደበት።

ቴፑ ላይ አልተጣሉም። አገሩ የገባ አንድ ፈረንጅ ሸጦት የሄደ፣ ከባድ፣ ቁልፎቹ ሲጫኑ ቀጭ የሚሉ የጀርመን ዕቃ ነው፤ ፊቱ ላይ ድምፅ ሲበረታ ወደ ቀዩ የምትዘል፣ ሲለዝብ የምትመለስ ትንሽ መርፌ አለችው። ጆሮ ላይ የሚደፋውንም ማዳመጫ ወዲያው ተስማሙበት። ጣጣው የመጣው ማይክራፎኑ ላይ ነው።

ደሜ ሁለት አቀረበላቸው። አንደኛው ቀጭንና የሚያብለጨልጭ ነው፤ አምሐ ሲናገርበት እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ጥቁር፣ ራሱ ድቡልቡል፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ነው። የአምሐን ድምፅ ሲቀበል ያደፈርሰዋል፤ ጋን ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ያስመስለዋል። ነገሩ እዚያው ላይ ማለቅ ነበረበት። አምሐ ግን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋና አጸደን እስኪ አንቺ ተናገሪበት፣ እኔ እያወራሁ እንዴት አድርጌ ላዳምጥ አላት።

አጸደ በሰው ፊት ድምፅ ማሰማት ሞቷ ነው። ድምፄ ቀጭንና ደረቅ ነው ብላ ስለምታምን ለቅሶ ቤት እንኳ ስታለቅስ አፏን በነጠላ ሸፍና ነው። ምን እንደምትል ሲጠፋት የምትገዛውን መቁጠር ጀመረች፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ምስር ክክ፣ የልብስ ሳሙና። አምሐ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። በሌላኛው ድገሚው አላት፤ ደገመችው። እንደገና በመጀመሪያው አላት። ሱቁ ውስጥ የነበረው ገበያተኛ ሁሉ የአጸደን አስቤዛ እስኪሸመድድ ድረስ አመላለሳት። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና ጥቁሩን አነሳ።

ደሜ ሐቀኛ ነጋዴ ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነለትም። «ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ የሚሆነው ለ...» ብሎ ሲጀምር አምሐ አቋረጠው።

«አውቃለሁ» አለው። «ጠቅልልልኝ።»

አጸደ አውቶቡስ ላይ ከመርካቶ እስከ ፌርማታቸው ድረስ አልማረችውም። ያማረው ዕቃ እያለ የተላላጠ ይዞ መምጣቱ፣ የነጋዴውን ምክር አለመስማቱ፣ የማድቤቱ ጣሪያ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተነሳ። አምሐ ቴፑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ያያል፤ አልፎ አልፎም ልክ ነሽ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ልክ ናት ከተባለ ዕቃው ለምን እንደማይመለስ አጸደ አልገባትም።

ቤታቸው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ጭቃ የተመረገ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ነው። እዚያ ውስጥ ድምፅ መቅዳት ማለት ገበያ መሐል እንቅልፍ እንደመፈለግ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የሃጂራ ወፍጮ ቤት አለ፤ ወዲህ ዶሮዎች አሉ፤ ከፍ ብሎ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ይጣራል። ቆርቆሮው ራሱ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል። መስኮት መዝጋቱን ከቆሼ ቆሻሻ ክምር በኩል ለሚመጣው ነፋስ ሲሉ ድሮም ለምደውታል፤ እሱ ብቻውን ግን አልበቃም። አምሐ የኋላውን ክፍል ባዶ አደረገ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቀለ፣ ሞከረ፤ ማዳመጫው ውስጥ ዶሮዋ ከእሱ በላይ ትሰማለች።

ያኔ ነው የእድሩ አሮጌ ድንኳን ትዝ ያለው። የእድሩ ጸሐፊ እሱ ነው፤ አዲሱ ድንኳን ከተገዛ ወዲህ አሮጌው ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ እየተዳረበት ተቀምጧል። ሸራው ወፍራም ነው፣ ድምፅ ይውጣል። ሁለት ተሸካሚ ቀጠረና አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩን አቋርጠው አመጡት። ተጣጥፎ የኋላው ክፍል ውስጥ ተሰቀለ። ቀድሞ ደግሞ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ በማይክራፎን ሲያወራ የሚያስከትለውን ጥርጣሬ ስለሚያውቅ፣ ከማሠልጠኛው የመጣውን የድጋፍ ወረቀት ይዞ ቀበሌ ሄዶ አሳይቷል። ለቀበሌው አስቦ ለጎረቤት ግን አላሰበም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኮልፌ ያደገ ሰው ሁሉ ሊገምተው ይችላል፤ ከአምሐና ከአጸደ በቀር። የታመመ ሰው ቤት የእድር ድንኳን ሲገባ ጠጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል።

አምሐ ሸራው ውስጥ ሆኖ ስለ አዋሽ ወንዝ እያነበበ ነበር። አጸደ ዶሮ እንዳይገባ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣለች። የአጥሩ በር ተበርግዶ እማማ ወለተጻድቅ ገቡ፤ የጎረቤት አሮጊት ናቸው፣ እግራቸው ስለሚያማቸው ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ከደጃቸው አይወጡም። ዛሬ ያለ ምርኩዝ እየሮጡ ነው። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ከኋላቸው ሃጂራ ዱቄት እንደለበሰች፣ ከሃጂራ ኋላ ሰፈሩ ሁሉ።

«የኔ መምህር» እያሉ ደረታቸውን ደቁ እማማ ወለተጻድቅ። «ድምፁን ከእንግዲህ ወዴት ሄደን እንስማው?»

አጸደ መሳቅ ወይም መቆጣት ነበረባት። ሁለቱም አልመጡላትም። ይህ ሁሉ ሰው ያወቀውን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው፣ አሁን እዚህ በር ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩት ሞቶብኝ ነው አለች በልቧ። በርጩማውን ገልብጣ ሸራውን በሁለት እጇ ገለጠችው።

አምሐ ማዳመጫውን ደፍቶ ከመጽሐፉ ላይ አጎንብሷል። ቀና ሳይል ጣቱን ብቻ አነሳና ዝም በይ አላት፤ ማይክራፎኑ የውጪውን ጩኸት እያስገባበት፣ ወንዙን ሳያቋርጥ አረፍተ ነገሩን ለመጨረስ እየታገለ ነው። አጸደ ጣቱን ይዛ አለቀሰች። በዚያች ሰዓት ያንን ጣት ከማንም ጣት አብልጣ ወደደችው።

አምሐ ወደ ደጅ ሲወጣ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። አንዳንዱ አማተበ፣ ሃጂራ ወደ አጥሩ አፈገፈገች። እማማ ወለተጻድቅ ግን ቀርበው ፊቱን ዳሰሱት፤ ሙቀት እንዳለው ሲያረጋግጡ በጥፊ ቢጤ ነካ አደረጉት። አምሐ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ለለቅሶ የመጣው ዳቦና ቆሎ እዚያው ግቢ ውስጥ ተበላ፤ ሟቹም ከሁሉም በላይ በላ። ሳቁ መሐል ግን አጸደ አንድ ነገር አየች። አምሐ እማማ ወለተጻድቅን ሲያለቅሱ ምን እያሉ እንደነበር ጠየቃቸው፤ አሮጊቷም አፍረው፣ ድምፅህን ነው ልጄ፣ ድምፅህን ወዴት እንስማው ነው ያልኩት አሉት። አምሐ መሳቁን ተወ። አሮጊቷን ሳይሆን ሚስቱን አያት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አጸደ ሐኪሙ የነገረህ ሌላ ነገር አለ ወይ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችው። የለም አላት። ድምፁ ሳይመለስ ትንሽ ሊሰነብት ይችላል እንጂ ምንም የለም አላት። መዋሸት እንደማይችልበት ስለምታውቅ አመነችው። ለካ ሲፈልግ ይችልበታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ ራሱ መቅጃ ክፍል ሆነ። አንዴ ያለቀሰለት ሰው ስለሆነ አምሐን ሁሉም እንደ ገንዘቡ ያየው ጀመር። ሃጂራ ከምሳ በኋላ ወፍጮዋን ታቆምለታለች፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሜዳቸውን ወደ ዘነበወርቅ መንገድ አሸሹ። እማማ ወለተጻድቅ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጮክ ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ በምርኩዛቸው ያስፈራራሉ። ዶሮዎቹ ብቻ አልተባበሩም፤ እነሱም ለፋሲካ እንደሚታሰቡ አጸደ ነገረቻቸው።

አምሐ አጸደን ከደጃፉ አንስቶ ድንኳኑ ውስጥ አስገባት። ስሳሳት የምታርመኝ ሰው ያስፈልገኛል ብሎ ሁለተኛ መጽሐፍ እጇ ላይ አኖረ፤ መስመር በመስመር ትከተለዋለች። ቃል ሲያስቸግራት ቆም ብሎ ያስደግማታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ ቴፑን ለእሷ ተወላት። መቼ እንደሚጫን፣ መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትዘል ምን እንደሚደረግ፣ የተሳሳተው እንዴት ወደ ኋላ ተመልሶ በላዩ እንደሚቀዳ ለመደች። እጁ ሲንቀጠቀጥ ግን አይታ አታውቅም።

ያልለመደችው ማይክራፎኑን ነው። አናጢው ዱባለ የሠራለት የእንጨት ማቆሚያ ደግሞ አጭር ወጣ። አምሐ ረጅም ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ፊቱን እንደሚታጠብ ሰው ያጎነብሳል። ዱባለ ትንሽ ይቀጥልልህ ብትለው፣ ሳጎነብስ ጉሮሮዬ ይላላል ብሎ መለሰላት። አንድ ቀን ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ኃይለ መስቀል የሚባል ዓይነ ስውር ወጣት፣ ያለቁትን ካሴቶች ሊወስድ መጣና ጥቂት አዳመጠ።

«ጋሽ አምሐ፣ አይቆጡኝና» አለ በጨዋ ደንብ፣ «የእርስዎን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይኼ ግን ጋን ውስጥ የገባ ዘመድዎ ነው የሚመስለው።»

አጸደ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈለገችም። መርካቶ፣ ደሜ፣ የማድቤቱ ጣሪያ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ተነሳ። አምሐ ግን ፈገግ ብሎ፣ ታገሠው እንጂ ይጠራል አለው። ማይክራፎን ሲቆይ እንደማይጠራ አጸደ ሳትቀር ታውቃለች። በግትርነቱ ላይ ሕመሙ ስለተጨመረበት ግን ተወችው።

ፋሲካ ሳይደርስ ትንፋሹ አጠረ። መጽሐፉ ሊያልቅ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው ሐኪሙ ከዚህ በላይ አንጠብቅም አለ። አምሐ ሆስፒታል በገባ ቀን አጸደን ሲሰናበት ያላት ስለ መጽሐፉ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ዳዊትሽን ስትደግሚ ቀስ ብለሽ አይሁን፣ እኔ ተኝቼ እሰማሻለሁ አላት። የእሱ ድምፅ ከነገራት ሁሉ የመጨረሻው ይሄ ሆነ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራት። ነገሩ በደህና እንዳለቀ፣ አምሐ ገና ብዙ እንደሚኖር ነገራት፤ ቀጥሎም ድምፁ እንደማይመለስ ነገራት። ደንግጣ ስታየው ጊዜ እሱም ደነገጠ። «ለባለቤትዎ ገና ከመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አላት።

አጸደ ይህን ይቅር ማለት አልሆነላትም። እቤት ሲገባ አጥሚቱን ታመጣለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ አንገቱ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ ትቀይራለች፤ በዚያው ልክ ትቆጣዋለች። ያን ሁሉ ወር ለብቻው ተሸክሞት መዞሩ አንገበገባት። ቢነግራት ኖሮ እያንዳንዷን ቀን ቁጭ ብላ ታዳምጠው ነበር፤ ስለ ሽንኩርት ቢያወራ እንኳ ታዳምጠው ነበር። የማይመልስ ሰው መቆጣት ደግሞ ምንም አይጥምም። አምሐ ዝም ብሎ ያያታል፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ጸጸት አይመስልም። ቀን የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

መነሳት የቻለ ዕለት ከምሳ በኋላ እጇን ያዘና ወደ ኋላው ክፍል ወሰዳት። የሃጂራ ወፍጮ ቆሟል፤ ማን እንደነገራት እንጃ። ድንኳኑን ገለጠላትና የእሱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። መጽሐፉን ያቆመበት ላይ ከፈተላት። ራሱ ማዳመጫውን ደፍቶ ቴፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

አጸደ አይሆንም ልትል ቀና ስትል ጥቁሩ ማይክራፎን አፏ ፊት ነበር። አላጎነበሰችም። አንገቷን አላነሳችም፣ አልዘቀዘቀችም። የዱባለ አጭር ማቆሚያ ከእሷ ከንፈር ጋር ትክክል ነው። ነገሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልገባትም። አምሐ ጣቱን አነሳ። እሷም ለመታዘዝ ያህል ስለ ዋቢ ሸበሌ አንድ ገጽ አነበበች።

ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ ማዳመጫውን እሷ ጆሮ ላይ ደፋላት። አጸደ ሴትየዋን አላወቀቻትም። ድምፁ ቀጭን አይደለም፣ ደረቅም አይደለም። ሙሉ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ሰውነት አለው። የአምሐን ድምፅ ጋን ውስጥ የከተተው ያ የተላላጠ ዕቃ የእሷን ከጋን አውጥቶት ቁጭ አለ። መርካቶ ትዝ አላት። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ምስር ክክ፣ የልብስ ሳሙና። አምሐ ዓይኑን ጨፍኖ። ደሜ ሳይጨርሰው የቀረው፣ ይኼኛው እኮ የሚሆነው ለሴት ድምፅ ነው ሊል የነበረው። በእጇ የተቀመጠው ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ያስደገማት ቃል ሁሉ፣ ያልተንቀጠቀጠው እጅ።

«ለኔ ነው የመረጥከው» አለችው።

አምሐ ራሱን ነቀነቀ።

«ያንን ሁሉ ምዕራፍ እኔ ቁመት ላይ አጎንብሰህ ነው ያነበብከው። ድምፅህን አበላሽተህ።»

እንደገና ነቀነቀ፤ ትከሻውንም ሰበቀ፣ የኔማ ያው ሊሄድ አይደል እንደማለት። አጸደ ማዳመጫውን አውልቃ እጁ ላይ መታችው፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ይዛ አለቀሰች፣ አፏን በነጠላ ሳትሸፍን። ወደደችው፣ ተናደደችበት፣ ደግማ ወደደችው። እማማ ወለተጻድቅ ከደጅ ሆነው ምን ሆናችሁ ብለው ሲጣሩ ደህና ነን አለቻቸው፤ ድምፅዋም አጥሩን አልፎ ተሰማ።

ዓይኗን ጠርጋ ሲጀምሩ አምሐ አዲስ ካሴት አገባ። እያንዳንዱ ካሴት ሲከፈት የመጽሐፉ ስም ይነገራል፣ ቀጥሎም የአንባቢው። አምሐ ጣቱን አነሳ፣ መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። አጸደ የመጽሐፉን ስም አለችና «አንባቢ፣ አምሐ ሀብተሥላሴ» አለች። ቀጭ። አምሐ አቁሞ ወደ ኋላ መለሰው፤ ጣቱንም እንደገና አነሳ። «አንባቢ፣ አምሐና አጸደ» አለች። ቀጭ። አሁንም መለሰው። ግትር ነው፤ ይህን ካወቀች ስንት ዘመኗ። ጣቱ ተነስቶ ይጠብቃታል፤ እስከ ማታ ቢሆን ይጠብቃል።

«አንባቢ» አለች አጸደ፤ ትንፋሿን ሳበች። «አጸደ ተክለማርያም።»

አምሐ ጣቱን አወረደ። እሷም ገጹን ገልጣ ማንበብ ጀመረች።